አዲስ አባልን ማስገባትና ማጽናት

ሥራን መጀመር ለብዙ ሰው ቀላል ነው፤ በጀመሩት ሥራ መጽናት ግን ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ይመስላል። ነገሩ በደንብ ሲመረመር ግን የሚጸናውን ከማይጸናው የሚለየው የተፈጥሮ ብርታት ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የተቀበለው ቤት አቀባበልና አያያዝም ትልቅ ድርሻ አለው። ይህ በትምህርት ቤትም በመሥሪያ ቤትም የታወቀ እውነት ሲሆን፥ በዛሬው ዘመን ይልቁንም ጎልቶ የሚታየው ሕዝቡ በአጭሩ ጂም እያለ በሚጠራው በሰውነት ማጠንከሪያ ቤት ነው።

ወደ ጂም የሚገባ አዲስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በመልካም አሳብ ነው። ወይ ሐኪም መክሮት፥ ወይ ዓመት ሲለወጥ ቍርጥ አሳብ አድርጎ፥ ወይም ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ሲውል ወገቡ እየደነዘዘ፥ ደረጃ ሲወጣም ትንፋሹ እያጠረ ስላስቸገረው ይገባል። የመግቢያውን ገንዘብ ይከፍላል፤ ጫማና ልብስ ይገዛል፤ በመጀመሪያው ሳምንትም በትጋት ይመላለሳል። ከዚያ በኋላ ግን ክንዱና እግሩ ይዝላል፤ የመለማመጃውን መኪና አሠራር የሚያሳየው ሰው ያጣል፤ ከእርሱ በፊት የገቡት ከባዱን ብረት እንደ ቀላል ነገር ሲያነሡ እያየ ያፍራል። አንድ ቀን ይቀራል፤ ለምን ቀረህ ብሎ የሚጠይቀውም የለም። አንዱ ቀን ሳምንት፥ ሳምንቱም ወር ይሆንና ነገሩ በዚያው ይረሳል።

እንዲህ በሆነ ጊዜ ጕዳቱ ሦስት ዓይነት ነው። ገንዘቡ ያለ ጥቅም መጥፋቱ አንድ ነው። ሊያገኘው ያሰበውን ጤና ማጣቱ ሁለተኛ ነው። ከሁለቱ የሚብሰው ግን ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም ሰውዬው «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርሁም» ብሎ በራሱ ላይ መፍረዱ ነው። እንዲህ ብሎ የፈረደ ሰው ዳግመኛ ሳይሞክር ብዙ ዓመት ይኖራል። ስለዚህም የጂም ቤቶች አሠራር የባለ ንብረቶቹ የግል ጕዳይ ብቻ ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ2024 እንዳስታወቀው (ወደ ፊት የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)፥ በ2022 ከዓለም አዋቂ ሰዎች ውስጥ ከመቶ 31 የሚሆኑት፥ ማለት 1.8 ቢሊዮን የሚያህሉ ሰዎች፥ ለጤና የሚበቃ የሰውነት እንቅስቃሴ አላደረጉም። ድርጅቱ ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ወይም 75 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ ነው። ይህን የማያደርግ ሰው ለልብ ድካም፥ ለደም ሥር በሽታ፥ ለስኳር በሽታና ለአንዳንድ የነቀርሳ ዓይነቶች ይበልጥ የተጋለጠ ይሆናል። እንግዲህ በመልካም አሳብ ወደ ጂም የገባውን ሰው በአንድ ወር ውስጥ ማጣት፥ ጤናን ፈልጎ በገዛ እግሩ የመጣን ሰው ከደጃፍ እንደ መመለስ ይቈጠራል።

የነገሩ መፍትሔ አዲስ ግኝት አይደለም። በአሜሪካ አገር በቦስቶን ከተማ፥ በኢትዮጵያ ወወክማ እየተባለ በሚታወቀው በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፥ ሮበርት ሮበርትስ የሚባሉ ሰው ከ1875 ጀምሮ የሰውነት ማጠንከሪያው ክፍል ኀላፊ ነበሩ። እኒህ ሰው ራሳቸው የጕልበትና የቅልጥፍና ባለሙያ ስለ ነበሩ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ከባድና አስቸጋሪ የሆነውን የመገለባበጥና የመንጠልጠል ልምምድ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በዓመቱ መጀመሪያ ብዙ ሰው ይመዘገባል፤ ብዙ ሳይቈይም ቍጥሩ ይጎድላል፤ የሚቀሩት ቀድሞውኑ የጠነከሩት ብቻ ናቸው። ስለዚህ አባላቱን «ሰነፎች» ብለው ከመውቀስ ይልቅ ትምህርቱን ለወጡ። ልምምድ ሁሉ አደጋ የሌለበት፥ ቀላል፥ አጭር፥ የሚጠቅምና ደስ የሚያሰኝ እንዲሆን ደንብ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የገቡት ሰዎች ይቈዩ ጀመር። ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀውን «ሰውነትን መገንባት» የሚለውን አነጋገር በ1881 ያወጡትም እኒሁ ሰው እንደ ሆኑ ይነገራል።

ከዚያ ከዐሥር ዓመት በኋላ በዚያው በማሳቹሴትስ ግዛት፥ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ያለው የማኅበሩ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሌላ ችግር ገጠመው። በክረምት ወራት ከቤት ውስጥ ከሚደረገው ልምምድ የተነሣ 18 ተማሪዎች ያሉበት አንድ ክፍል ተሰላቸ፤ ሁለት አስተማሪዎችም ተራ በተራ ሞክረው አልሆነላቸውም። የክፍሉ የበላይ የነበሩት ሉተር ጉሊክ ነገሩን በካናዳ ተወልደው ላደጉት ለጄምስ ናይስሚዝ ሰጡና በ14 ቀን ውስጥ አዲስ ጨዋታ እንዲያወጡ አዘዙ። ናይስሚዝም በታኅሣሥ ወር 1891 ሁለት የኮክ ፍሬ መልቀሚያ ቅርጫቶች ከሰገነቱ ላይ በሁለቱ ወገን አስቸነከሩ፤ 13 ደንቦች ጽፈው ለጠፉ፤ ተማሪዎቹንም ዘጠኝ ዘጠኝ አድርገው አጫወቱ። ቅርጫት ኳስ የተወለደው እንዲህ ነው። በ1936 በበርሊን ኦሎምፒክ ጨዋታው ሲገባ ናይስሚዝ በዓይናቸው ለማየት በቁ። መላው ዓለም የሚጫወተው ይህ ጨዋታ የተገኘው አስተማሪዎች «ተማሪዎቹ ለምን ተሰላቹ» ብለው በመጠየቃቸው መሆኑን የጂም ቤት ሁሉ ባለቤት ሊያስታውሰው ይገባል።

ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ የሰውነት ማጠንከሪያ ቤት ከማኅበር እጅ ወጥቶ ትልቅ ንግድ ሆነ። ንግድ መሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አባሉ በየወሩ ወይም በየዓመቱ አስቀድሞ የሚከፍል ስለ ሆነ አንድ ፈተና አብሮ መጣ፤ ይኸውም ከፍሎ የማይመጣው ሰው ከፍሎ ከሚመጣው ይልቅ ለቤቱ የሚቀል መሆኑ ነው። መኪናውን አያረጅም፤ ውሃውንና መብራቱን አይጨርስም፤ ስፍራም አያጣብብም።

ይህ ፈተና በአሳብ ብቻ ያለ ነገር እንዳልሆነ ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪከ ማልመንዲየር የተባሉ የኤኮኖሚ ሊቃውንት በ2006 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። በአሜሪካ በሦስት ጂሞች የነበሩትን የ7,752 አባላት መዝገብ ሲመረምሩ፥ በወር ከ70 ዶላር በላይ እንዲከፍሉ ተዋውለው የገቡት ሰዎች በወር በአማካይ የመጡት 4.3 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህም ሲካፈል አንዱ ቀን ከ17 ዶላር በላይ አስከፍሏቸዋል ማለት ነው፤ በዚያው ቤት ግን 10 ጊዜ የሚያስገባውን ካርድ ቢገዙ አንዱ ቀን 10 ዶላር ይሆንላቸው ነበር። በአባልነት ዘመናቸውም በአማካይ 600 ዶላር የሚያህል ሊተርፍላቸው የሚችል ገንዘብ አጡ። መምጣት ካቆሙ በኋላም ውላቸውን እስኪያፈርሱ ድረስ ከሁለት ወር በላይ ከፍለዋል። እኒህ ሰዎች ሒሳብ የማያውቁ አልነበሩም፤ ነገ እንመጣለን የሚል ተስፋቸው አሳሳታቸው እንጂ።

ባለ ንብረቶች ለዚህ የሚሰጡት መልስ አላቸው። መኪናው ከውጭ አገር በብዙ ገንዘብ ይመጣል፤ የቤቱ ኪራይ ሰው ቢመጣም ባይመጣም ይከፈላል፤ የተመዘገበው ሁሉ በአንድ ቀን ቢመጣ ቤቱ አይችለውም፤ የማይመጡት ስለሚከፍሉም ለሚመጡት ዋጋው ይረክሳል ይላሉ። በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን መድኃኒት ሸጦ የገዛው ሰው መድኃኒቱን እንዳይውጥ የሚመኝ ባለ መድኃኒት ቢገኝ ማንም አያመሰግነውም። ከዚህም በላይ የማይመጣው ሰው የሚከፍለው ለጥቂት ጊዜ ነው። ጥቂት ቈይቶ ይወጣል፤ ሲወጣም ቅር ብሎት ይወጣል፤ ለወዳጁም ስለ ቤቱ መልካም ነገር አይናገርም። ቤቱም በእርሱ ስፍራ ሌላ ሰው ለማግኘት እንደ ገና የማስታወቂያ ገንዘብ ያወጣል። በቤቱ የተጠቀመው ሰው ግን ዓመታት ይቈያል፤ ወንድሙንና የሥራ ባልደረባውንም ይዞ ይመጣል። እንግዲህ አዲሱን አባል ማጽናት ምጽዋት ሳይሆን እውነተኛ የንግድ ብልሃት ነው።

ስለዚህ አዲስ አባልን ለማጽናት የሚረዱት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ በመጀመሪያው ቀን ብዙ አለማሸከም ነው። አዲሱ ሰው ሲመጣ አሠልጣኙ ዕድሜውን፥ የቈየ ሕመም እንዳለው፥ ሥራው ምን እንደ ሆነና ምን ፈልጎ እንደ መጣ ይጠይቀው። ከዚያም ሦስት ወይም አራት ልምምድ ብቻ አሳይቶ ጕልበቱ ሳያልቅ ይሸኘው። በአብነት ትምህርት ቤት የገባ ሕፃን በመጀመሪያው ቀን ዳዊት ድገም አይባልም፤ ከሀ ሁ ይጀምራል፤ አቡጊዳን ያልፋል፤ መልእክቱንና ወንጌሉን በንባብ ይቈጥራል፤ ወደ ዳዊት የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። ሥጋም እንደ አእምሮ ፊደል አለው። በማግሥቱ ከአልጋው መነሣት እስኪያቅተው ድረስ የደከመ ሰው ግን ወደዚያ ቤት ለመመለስ ምክንያት አያገኝም።

2ኛ፤ ቀንና ሰዓት መወሰን ነው። «ሲመችህ ና» የተባለ ሰው የሚመቸውን ቀን አያገኝም። ማክሰኞና ዐርብ ከሥራ በኋላ በ12 ሰዓት ብሎ አብሮ የወሰነ ሰው ግን ቀጠሮ አለበት፤ በቀጠሮውም ስሙን የሚያውቅ አንድ አሠልጣኝ ይጠብቀዋል። ቤቱ ስንት አዲስ ሰው እንደ መዘገበ ብቻ ሳይሆን ከተመዘገቡት ውስጥ በሁለተኛው ወር ስንቱ እንደሚመላለስ በመዝገብ ይያዝ።

3ኛ፤ የቀረውን ሰው ወዲያው መፈለግ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ይህ ነው። በ2021 በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ቅርንጫፍ ባሉት በአንድ ትልቅ የጂም ኩባንያ ውስጥ 61,293 አባላት የገቡበት ጥናት ታትሞ ነበር። ሊቃውንቱ አራት አራት ሳምንት የሚቈይ 54 ዓይነት የማበረታቻ ዘዴ ፈተኑ። ከሁሉ የበለጠውን ፍሬ ያሳየው ትልቅ ሽልማት የሚሰጠው ዘዴ አልነበረም፤ አንድ ቀን ቀርቶ በሚቀጥለው ለተመለሰ ሰው ጥቂት ሳንቲም የሚያወጣ ምልክት የሚጨምረው ነበር እንጂ። የጥቅሙ ምሥጢር ከገንዘቡ ይልቅ መቅረት የነገሩ ፍጻሜ እንዳልሆነ ለሰውየው ማስታወሱ ሳይሆን አይቀርም። በ2010 የታተመ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናትም እንዲሁ አንድ ቀን መቅረት ልማድ እንዳይጸና እንደማያደርግ አሳይቷል። እንግዲህ ከቀረበት ቀን በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚደወል አጭር ስልክ ያለ ወቀሳ «ደኅና ነዎት ወይ? ማክሰኞ እንጠብቅዎታለን» ቢል ብዙ ሰው ይመልሳል። ከሁለት ወር በኋላ የሚደወለው ስልክ ግን ዕዳ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፅ ይሆናል።

4ኛ፤ አንድ ወር በቂ አለመሆኑን ማወቅ ነው። በዚያው የለንደን ጥናት 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲለምዱ፥ ነገሩ ያለ ማሰብ የሚደረግ እስኪሆን የፈጀው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነበር፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን ሲበቃ ለአንዳንዱ እስከ 254 ቀን እንደሚደርስ ተገምቷል። ከላይ በተነገሩት 54 ዘዴዎችም ቢሆን አራቱ ሳምንት ካለፈ በኋላ ፍሬው የታየው ከመቶ በ8ቱ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት በአበባ ተቀብሎ ከሁለተኛው ወር በፊት አዲሱን ሰው የሚተው ቤት ግማሽ መንገድ ሸኝቶ ከገደል አፋፍ እንደ መለሰው ይሆናል።

5ኛ፤ ባልንጀራ መስጠት ነው። ብቻውን በመስተዋት ፊት የሚለፋ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። በአንድ ጊዜ የገቡትን አዲስ ሰዎች በአንድ ሰዓት ሰብስቦ ማለማመድ፥ በሳምንትም አንድ ቀን ጨዋታ ማድረግ፥ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ያደርጋል። የናይስሚዝ ትምህርት ይህ ነው፤ ሰው በትእዛዝ የማያደርገውን በጨዋታ ያደርገዋል።

6ኛ፤ ፍሬውን ማሳየት ነው። ክብደት የሚቀንሰው በዝግታ ስለ ሆነ ሚዛንን ብቻ የሚመለከት ጀማሪ ተስፋ ይቈርጣል። ቀድመው የሚለወጡት ትንፋሽ፥ እንቅልፍና ብርታት ናቸው። ስለዚህ አሠልጣኙ በመጀመሪያው ቀን ያነሣውን ብረትና የሮጠበትን ደቂቃ ጽፎ ያቈይና በስድስተኛው ሳምንት ያሳየው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለትዕግሥት ነው፤ ነገር ግን ትዕግሥት የሚኖረው እንቍላሉ መንቀሳቀሱ ሲታይ ነው።

7ኛ፤ ማረፊያና መውጫ መስጠት ነው። በኢትዮጵያ ያሉ ጂም ቤቶች ይህን ይልቁን ሊያስቡበት ይገባል። በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ወር የሚጾም ሰው እንደ ሌላው ጊዜ ሊለፋ አይችልም፤ የታመመም ለሥራ ወደ ሌላ አገር የተላከም እንዲሁ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ልምምዱን አቅልሎ ሰዓቱን ከማፍጠሪያው ጋራ ማስማማት፥ ካልሆነም የከፈለውን ወር አቈይቶ ሲመለስ መስጠት ይገባል። በጾም ምክንያት አቋርጦ ገንዘቡ የተበላበት ሰው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ወደዚያ ቤት ለመመለስ ይከብደዋል።

መውጣት የሚፈልገውንም ሰው በር ዘግቶ ማስቀረት ማጽናት አይደለም። ቤት የለወጠ፥ ገቢው የጎደለ፥ ወይም በሜዳ መሮጥን የመረጠ ሰው በደኅና ሊሸኝ ይገባል። በለንደን ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2011 ይህን ነገር ሲመረምር፥ ብዙ ሰዎች በመጀመሪያ ትጋታቸው ተታለው ረጅም ውል እንደሚፈርሙና ከጥቂት ወር በኋላ መምጣት እንደሚያቆሙ ተመልክቶ፥ ከአንድ ዓመት በላይ የሚያስር የጂም ውል ሚዛናዊ አይደለም ብሎ ፈርዷል። ጀርመንም ከመጋቢት 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሚፈረሙ ውሎች፥ የመጀመሪያው ጊዜ ካለቀ በኋላ ዝም ተብሎ የሚታደሰውን ውል ደንበኛው በአንድ ወር ማስታወቂያ እንዲያፈርስ ሕግ አውጥታለች። በአሜሪካ ግን መውጣት እንደ መግባት ቀላል እንዲሆን በ2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ በ2025 በፍርድ ቤት ፈርሷል። ከዚህም ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ፥ የቤቱ ባለቤት ሕሊና አብሮ መሥራት እንዳለበት ይታወቃል።

አባሉም በበኩሉ ግዴታ አለበት። የዓመት ክፍያ ርካሽ መስሎ ቢታየውም በመጀመሪያ የወር ወይም የጥቂት ቀን ካርድ ገዝቶ ራሱን ይፈትን። ከቤቱ ወይም ከሥራው የማይርቅ ስፍራ ይምረጥ። ከመፈረሙ በፊት «ብቀር ምን ይሆናል፤ ብወጣስ እንዴት እወጣለሁ» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሰጠው። ገንዘብ ስለ ከፈልሁ ግድ እሄዳለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ራሱን ያታልላል፤ ከላይ የተነገሩት የአሜሪካ ሰዎችም ከፍለው ነበርና።

በኢትዮጵያ ሰውነትን የማንቀሳቀስ ነገር አዲስ ጕጕት አግኝቷል። በ2018 በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገድ ከመኪና ነጻ ሆኖ ሕዝቡ በእግሩ እንዲሄድና እንዲሮጥ የተጀመረው ሥራ ለዚህ ምስክር ነው። ከሕዝቡ መካከል ደመወዙን ቈጥቦ ወደ ጂም የሚገባው ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ተስፋውንም ይዞ ይገባል። የንግድና የስፖርት ጕዳይ የሚመለከታቸው ሹማምንት ለእነዚህ ቤቶች ፈቃድ ሲሰጡ የመኪናውን ብዛትና የክፍሉን ስፋት ብቻ ሳይሆን የውሉን ቃልና የአሠልጣኙን ችሎታም ቢመረምሩ፥ የቤቱ ባለቤቶችም በየወሩ የገባውን ሰው ቍጥር ከመቍጠር አልፈው የቀረውን ቢፈልጉ፥ የተከፈለው ገንዘብ በእውነት የጤና ዋጋ ይሆናል። ይህንንም ለመጀመር አዲስ መኪና መግዛት አያስፈልግም፤ በዚህ ሳምንት የቀሩትን አባላት ስም ከመዝገቡ አውጥቶ ስልክ መደወል ይበቃል።